ባሪ ሳንደርስ ሪከርዱ አፍንጫው ስር ደርሶ ለምን ጫማውን ሰቀለ?

ሚሺጋን_ገባሁ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሚሺጋን ከመጣሁ ወዲህ እሁድ እሁድ የአሜሪካን ፉትቦል ማየት ለምጃለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሲወድቅ ከማየት ሌላ ምንም አይገባኝም ነበር፤ አሁን ግን ዲትሮይት ላየንስ ሲጫወት ስልክ አላነሳም።

ጥያቄዬ ስለ አንድ ሰው ነው። እዚህ አገር ግማሹ ሰው ባለ 20 ቁጥር ማሊያ ነው የሚለብሰው፣ ጀርባው ላይ ሳንደርስ የሚል። ሰውየው ካቆመ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል! ፎርድ ፊልድ ስታዲየም ጋ ደግሞ በ2023 ሐውልት አቁመውለታል።

ያነበብኩት ይህን ያህል ነው። ባሪ ሳንደርስ፣ ረኒንግ ባክ፣ 10 ዓመት ለላየንስ ብቻ ተጫወተ፣ ኳስ ይዞ በጠቅላላ 15,269 ያርድ ሮጠ (አንድ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ያኔ የነበረው ሪከርድ የዋልተር ፔይተን 16,726 ነው። ቀሪው 1,457 ያርድ ብቻ። እሱ ደግሞ በመጨረሻው ሲዝኑ ብቻ 1,491 ሮጧል። አንድ ዓመት ቢጨምር ሪከርዱ የእሱ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በሐምሌ 1999፣ የክረምቱ ልምምድ ሊጀመር ሲል፣ ለትውልድ ከተማው ጋዜጣ ፋክስ ልኮ በቃኝ አለ። ፋክስ! ዕድሜው ገና 31።

ጉዳት የለበትም፣ ክለቡም አላባረረውም። ታዲያ ምን ነክቶት ነው? አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ክለቡ ነው የገደለው ይላል። ሌላው ሸምገል ያለ ሰውዬ ደግሞ ስሙ ሲነሳ እስካሁን ፊቱ ይቀየራል። የምታውቁ አስረዱኝ፣ ብታረዝሙትም አነባለሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉት እንዳንምታታ።)

ሲልቨርዶም_90ዎቹ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ወደ መከራችን በደህና መጣህ። እኔ እዚህ የመጣሁት በ90ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ላየንስ የሚጫወተው ፖንቲያክ ውስጥ ሲልቨርዶም የሚባል ስታዲየም ነበር። እንግሊዝኛዬ ሳይፈታ ባሪን አወቅኩት። ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል) በመጣ ቁጥር ላየንስ ይጫወታል፣ ከድሮ ጀምሮ ልማዳቸው ነው። እኛም ቤት ሥራ የለ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ቲቪው ተከፍቶ ይውላል። የጨዋታውን ሕግ የማያውቁት እናቶች እንኳ ያ አጭሩ ልጅ ኳሷን ሲይዝ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር።

መጀመሪያ የሥራውን ዓይነት ልንገርህ፣ ካለዚያ ሰውየው አይገባህም። ረኒንግ ባክ ማለት ኳርተርባኩ (ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋች) ኳሷን ሲያስጨብጠው ይዟት ወደ ሰው ግድግዳ የሚሮጥ ነው። ከፊቱ አምስት ግዙፍ የራሱ ሰዎች አሉ (አፌንሲቭ ላይን ይባላሉ)፣ እየገፉ ክፍተት ይፈጥሩለታል። አብዛኛው ረኒንግ ባክ በተከፈተለት ይገባል፣ አራት ያርድ ያገኛል፣ ተመስገን ብሎ ይነሳል። ባሪ ግን ሥራውን የሚጀምረው ክፍተቱ ሲዘጋ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73፣ ክብደቱ 92 ኪሎ ገደማ። ጭኑ ግን ጭን እንዳይመስልህ። በሙሉ ፍጥነት እየሮጠ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ ያሳደደው ሰው በግንባሩ ሄዶ ሲዘረር፣ እሱ በሌላ አቅጣጫ ሄዷል።

አንዷን ላሳይህ። ጥር 5 ቀን 1992፣ ሲልቨርዶም፣ ፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ)፣ ከዳላስ ካውቦይስ ጋር። ኳሷን ተቀብሎ መሀል ሲገባ የዳላስ ልጆች ከበቡት። ሦስት አራት ሰው ላዩ ላይ ነው። ካሜራው ራሱ ያለቀ መስሎት ሊያቆም ሲል የሚመስል ነገር አለ። ከዚያ ከክምሩ ጎን ብቅ ይላል፣ ቆሞ ነው ያለው፣ ጉልበቱ መሬት አልነካም፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው፤ 47 ያርድ፣ ተችዳውን (እንደ ጎል በለው)። ጨዋታው 38 ለ 6 አለቀ። ስታዲየሙ ውስጥ የነበረው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

እንግዲህ ልብ በል፤ ባሪ በ10 ዓመት ውስጥ በፕሌይኦፍ ያሸነፈው ያን አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። አምስት ጊዜ ፕሌይኦፍ ገባ፣ አምስቱንም ዓመት በሽንፈት ጨረሰ። ከዳላሱ ድል በሚቀጥለው ሳምንት ዋሽንግተን 41 ለ 10 ቀጠቀጠን። በ1994 መጨረሻ ግሪን ቤይ ሄደን ደግሞ ባሪ በ13 ሩጫ ያገኘው ስንት መሰለህ? ከዜሮ በታች። አንድ ያርድ ወደ ኋላ! በዚያው ሲዝን 1,883 ያርድ የሮጠ ሰው ነው እኮ።

ከዚያ የሚከፍቱለት ልጆች አንድ በአንድ ተለቀቁ። ሎማስ ብራውን አሪዞና ሄደ፣ ኬቨን ግሎቨር ሲያትል ሄደ። ግሎቨር የቅርብ ጓደኛው ነበር፣ ክለቡ እንዲሄድ ሲፈቅድ ባሪን በጣም ነው ያሳዘነው። 1998 ላይ 5 አሸንፈን 11 ተሸነፍን። በኋላ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ ዋናው ነገር ሽንፈቱ እንደሆነ ተናግሯል፤ ክለቡ ማሸነፍ የሚፈልግ አልመሰለውም። እኔ በበኩሌ አምነዋለሁ። አንተም እዚህ ትንሽ ስትቆይ ታምነዋለህ። ከዳላሱ ጨዋታ በኋላ የሚቀጥለውን የፕሌይኦፍ ድል ያየነው ጥር 2024 ላይ ነው፣ ራምስን 24 ለ 23። 32 ዓመት! ልጆቼ ተወልደው፣ ተምረው፣ ሥራ ይዘው ነው ያየሁት።

ዳላስ_ልጅ፦

ሃሃ፣ 38 ለ 6ን ሳታነሱ አንድ ቀን እንኳ ብታልፉን። ጋሼ ሲልቨርዶም በአክብሮት ነው የምናገረው፣ ግን ይሄ ነገር እንደ ጀግንነት ሲወራ ይከብደኛል።

የእኛው የዳላሱ ረኒንግ ባክ ኤሚት ስሚዝ 15 ሲዝን ነው የተጫወተው። 18,355 ያርድ። ሦስት ሱፐር ቦውል (የዋንጫውን ጨዋታ) አሸንፏል። በጥቅምት 2002 ከሲያትል ጋር ሲጫወት የፔይተንን ሪከርድ ሰበረ፣ ዛሬም የእሱ ነው። መጨረሻ ላይ አሪዞና ሄዶ በማያምርበት ማሊያ ሁለት ዓመት ጎተተ፤ ይሁን፣ ሥራው ነው፣ ሠራ። በ1993 ሲዝን መጨረሻ ከጃየንትስ ጋር ትከሻው ተገንጥሎ በአንድ እጁ ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ነው።

የእናንተው ሰውዬ ደግሞ አሰልጣኙ ቦቢ ሮስ ሲደውልለት ስልክ አያነሳም። ክለቡ የሚቀጥለውን ሲዝን እሱን ይዞ ነው ያቀደው። ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን የሚመርጡበት) አልፏል፣ ገበያው ተዘግቷል፣ ሌላ ረኒንግ ባክ ከየት ይመጣል? ከዚያ ፋክስ ልኮ ወደ ለንደን በረረ፣ ጋዜጠኞች አየር ማረፊያ ድረስ ሄደው አገኙት። በየካቲት ቢነግራቸው ምን ነበረበት? ማቆም መብቱ ነው። አብረውህ የለፉትን ልጆች እንደዚያ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ግን ሼም ነው፣ በየትኛውም አገር ሼም ነው።

ሒሳብ_ሹም፦

ዳላስ ልጅ የተናገረው ላይ የገንዘቡን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሚሺጋን ገባሁ የጠቀስካቸው ሽማግሌ የሚናደዱት ምናልባት በዚህ ይሆናል።

ባሪ በ1997 አዲስ የ6 ዓመት ኮንትራት ፈርሟል። የፊርማው ገንዘብ ብቻ 11 ሚሊዮን ዶላር። እንደኛ አገር የእግር ኳስ ፊርማ ነው፣ ቀድሞ ይከፈላል፤ ልዩነቱ እዚህ ክለቡ ሒሳቡን በኮንትራቱ ዓመታት ላይ ያካፍለዋል። 11 ሚሊዮንን ለ6 ስታካፍለው በዓመት 1.83 ሚሊዮን ገደማ። ሁለቱን ዓመት ተጫውቶ አራቱ ሲቀሩ ወጣ። ስለዚህ ላየንስ የአራቱን ዓመት ማለትም 7.3 ሚሊዮን ገደማ መልስልን አለው።

የባሪ ወኪሎች ደግሞ ወይ ልቀቁት፣ ወይ ለሌላ ክለብ አሳልፋችሁ ስጡት፣ ገንዘቡን እንመልሳለን አሉ። ላየንስ ሞተን እንገኛለን አለ። ለላየንስ መጫወት አለዚያ ቤት መቀመጥ ነው። ጉዳዩ ለገላጋይ ዳኛ ቀረበና በ2000 ተወሰነ፤ የአንድ ዓመቱን 1.83 ሚሊዮን አሁን ይክፈል፣ የቀረውን ደግሞ ሳይጫወት በቀረ በየዓመቱ እየቆራረጠ ይመልስ ተባለ። እንግዲህ ተመልከቱ፣ ሰውየው ላለመጫወት በየዓመቱ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ገንዘብ ፈልጎ ነው የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ይሄው ክለብ በ2016 ካልቪን ጆንሰንንም እንዲሁ አደረገው። ካልቪን ሬሲቨር (የተወረወረ ኳስ የሚቀበል) ነው፣ በ30 ዓመቱ አቆመ፣ ከእሱም የፊርማ ገንዘብ አስመለሱ። እሱም ለዓመታት አኮረፋቸው። አንድ ቤት ሁለት ምርጥ ልጆቹን በአንድ ዓይነት መንገድ ሲያጣ ችግሩ ልጆቹ ላይ ነው ወይስ ቤቱ ላይ? ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፣ እኔ ግን ወስኛለሁ።

ስለ ባሪና ገንዘብ ሌላ የምወዳት ነገር፦ በ1989 መጀመሪያ ሲፈርም ያገኘውን ገንዘብ አንድ አሥረኛውን ዊቺታ ለሚገኘው የቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። አሥራት አወጣ ማለት ነው። አባቱ ጣሪያ እየሠሩ 11 ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው።

ነርሷ_ከቨርጂኒያ፦

ሁላችሁም ስለ ቁጥርና ስለ ገንዘብ አወራችሁ፣ ስለ ሰውነቱ ማንም አላነሳም። ልጄ ሃይስኩል ረኒንግ ባክ ካልሆንኩ ብሎ ስላስቸገረኝ ይህን ነገር በደንብ ነው ያነበብኩት። እኔም ሥራዬ ሆኖ ጉልበትና ወገብ የተጎዳ ሰው አያለሁ።

ሚሺጋን ገባሁ፣ "ጉዳት የለበትም" ያልከው ነገር እኮ ነው መልሱ። ባሪ 3,062 ጊዜ ኳስ ይዞ ሮጧል። በእያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ሰው ይመታዋል፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት። በ10 ዓመት ውስጥ ከ160 ጨዋታ 153ቱን ተሰልፏል። በ1993 ጉልበቱን ተጎድቶ አምስት ጨዋታ ቀረ፣ ከዚያ ሌላ ይሄ ነው የሚባል የለም። ይሄ ለረኒንግ ባክ ተአምር ነው። የአብዛኞቹ ዕድሜ ሜዳ ላይ ሦስት ዓመት እንኳ የማይሞላ ነው።

ሌላውን እዩት። ቴሬል ዴቪስ ዴንቨር ውስጥ በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ፣ ሱፐር ቦውል በላ፣ የዓመቱ ኮከብ ተባለ። በ1999፣ ባሪ ባቆመበት ዓመት፣ በአራተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ድሮውን አልሆነም፣ በ2001 አለቀለት። ቶድ ገርሊ በ2018 57.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ በ2020 ራምስ አሰናበተው፣ ያኔ 25 ዓመቱ ነው፤ አትላንታ ሄዶ አንድ ሲዝን ተጫውቶ ጨረሰ። ኧርል ካምቤል ሂውስተን ውስጥ ሰው እየገጨ የሚሮጥ ጉልበተኛ ነበር፣ 8 ዓመት ተጫውቶ ዛሬ መራመድ ችግር ሆኖበት በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚታየው።

ባሪ ራሱ ምን አየ? በ1991 ማይክ አትሊ የሚባል የሚከፍትለት ልጅ ሜዳ ላይ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሽባ ሆነ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1997 ደግሞ ባሪ 2,000 ያርድ ያለፈበት ቀን ነው፣ ጄትስ ጋር፣ በሕይወቱ ትልቁ ቀን። በዚያው ጨዋታ ሬጂ ብራውን የሚባል የቡድን ጓደኛው ወድቆ መተንፈስ አቃተው። ሜዳው ላይ ትንፋሽ እየሰጡ ነው ያተረፉት። ስታዲየሙ ሁሉ ይጸልይ ነበር። በሕይወት ተርፎ መራመድም ቻለ፣ ግን ዳግም አልተጫወተም። እንግዲህ ከዚያ ወጥቶ ስለ 2,053 ያርዱ ጋዜጠኛ ፊት የሚቆም ሰው ምን ያስባል? ጉዳት ፈርቼ ነው ያቆምኩት አላለም፤ እኔም በአፉ አላስገባበትም። ግን እኔ እናቱ ብሆን በዚያች ማታ ነበር በቃህ የምለው።

ልጄን በተመለከተ፦ ትራክ ላይ 400 ሜትር እንዲሮጥ ተስማምተናል። ለጊዜው።

ቶሮንቶ_አበበ፦

ነርሷ እህቴ፣ ትልቅ ነገር ተናገርሽ።

እኔ ግን የፋክሱን ነገር ከሌላ ጎን ነው የማየው። ዳላስ ልጅ ለምን በወጉ አልተሰናበተም ይላል። ሰውየው መቼ በወጉ ታየ ያውቃል? ተችዳውን ሲያስቆጥር አይጨፍርም፣ ኳሷን ለዳኛው አስረክቦ ወደ ቦታው ይሄዳል። 1989፣ የመጀመሪያ ሲዝኑ፣ የመጨረሻ ጨዋታ፣ አትላንታ ላይ። ላየንስ እየመራ ነው። የዓመቱ አንደኛ ሯጭ ለመሆን የካንሳስ ሲቲውን ክርስቲያን ኦኮዬን 10 ያርድ ብቻ ነው የሚከተለው። አሰልጣኙ ዌይን ፎንተስ ግባና ውሰዳት ይለዋል። አልገባም አለ። ጨዋታው አልቋል፣ ሌሎቹ ይጫወቱ ብሎ ተቀመጠ። ኦኮዬ 1,480፣ እሱ 1,470። በ21 ዓመቱ 10 ያርድ ያልጎተተው ሰው በ31 ዓመቱ 1,457 ያርድ ያጓጓዋል?

ይሄ ሪከርድ ካለፈ በኋላ የእኛ ጉጉት ነው እንጂ የእሱ አልነበረም። ለነገሩ ፔይተን ራሱ በዚያው በ1999 ኅዳር ገና በ45 ዓመቱ ነው ያረፈው፤ ባሪ ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ሪከርዱን የሚያሳድደው ራሱ ፔይተን በሞተበት ሰሞን ነበር።

አባቱን ደግሞ አትርሱ። ዊልያም ሳንደርስ ከልጅነቱ ጀምሮ የዓለም ምርጡ ሯጭ ጂም ብራውን ነው እያሉ ነው ያሳደጉት። ልጃቸው ሪከርድ በሪከርድ ሆኖም አልተነቃነቁም፣ ጂም ብራውን ይበልጣል። ጂም ብራውን እንዴት አቆመ? በ1966 ክረምት፣ 30 ዓመቱ ላይ፣ ለንደን ፊልም እየሠራ ሳለ። የክለቡ የክሊቭላንድ ባለቤት ለልምምድ ካልመጣህ በየሳምንቱ እቀጣሃለሁ ሲለው፣ ጭራሽ ተወው። 9 ዓመት፣ 12,312 ያርድ፣ ደህና ሁኑ። የባሪን እንግዲህ ከጎኑ አስቀምጡት፤ ልምምድ ሊጀመር ሲል፣ በ31 ዓመቱ፣ ለንደን። አባቱ ያን ታሪክ ስንት ጊዜ ነግረውት ይሆን።

የእኛኑ ኃይሌን አስታውሱ። በ2010 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣ፣ ጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ በቃኝ አለ። ብዙም ሳይቆይ ተመለስኩ አለ። ደስ ብሎን ነበር። ሩጫ ከሰውነትህ ጋር ብቻ ነው የምትደራደረው፣ መመለስ ትችላለህ። ባሪ ግን ሊመለስ ቢፈልግ የሚጠብቀው ያው ክለብ ነው፣ ያው ግቢ።

ሚሺጋን_ገባሁ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ጋሼ ሲልቨርዶም፣ የዳላሱን ሩጫ ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት፣ እውነትም ከክምሩ ሲወጣ ምኑም አይገባም፣ ሦስቴ መለስኩት።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አሁን ያሉት ረኒንግ ባኮች እንደዚህ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ? ሁለተኛ፣ አሁን ከላየንስ ጋር ታርቋል ማለት ነው?

ሒሳብ_ሹም፦

ሁለተኛው ይቀላል። ታርቋል፣ ቀስ በቀስ። በ2004 ሆል ኦፍ ፌም (የታላላቆቹ የክብር መዝገብ) ሲገባ አቅርበው ያስገቡት አባቱ ናቸው። ሐውልቱ ሲመረቅ ራሱ ነበር፤ አሁን ስታዲየም ሲመጣ ስክሪን ላይ ካሳዩት ሕዝቡ ይነሳል።

ወደ መጀመሪያው ስንመጣ፣ ሳኮን ባርክሊን ተከታተል። ከልጅነቱ የባሪ አድናቂ ነው። ኒውዮርክ ጃየንትስ በ2018 ድራፍት በሁለተኛ ቁጥር ወሰደው፣ በ2020 ጉልበቱ ተበጠሰ፣ በ2023 ረጅም ኮንትራት ሲጠይቅ የአንድ ዓመት 10 ሚሊዮን አስይዘው አቆዩት። የረኒንግ ባክ ትልቁ በደል ይህ ነው። ስትድራፍት የአራት ዓመት ርካሽ ኮንትራት ትፈርማለህ፣ ምርጥ ጉልበትህ እዚያ ያልቃል፣ ከዚያ ደህና ገንዘብ ልትጠይቅ ስትል 26፣ 27 ዓመትህ ነው፣ አርጅተሃል ይሉሃል። ባርክሊ ፊላዴልፊያ ሄደ፣ በ2024 2,005 ያርድ ሮጠና ሱፐር ቦውል በላ፣ የጨዋታው ቀን ደግሞ 28ኛ ልደቱ ነበር። የመጨረሻው የመደበኛ ሲዝን ጨዋታ ላይ የኤሪክ ዲከርሰንን የ1984 የአንድ ሲዝን ሪከርድ ለመስበር 101 ያርድ ነበር የቀረው። አሰልጣኙ ለፕሌይኦፍ ይረፍ ብሎ አስቀመጠው፣ ልጁም አላለቀሰም። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ተነስቼ እንደ ባሪ በቃኝ ልል እችላለሁ ብሎ መናገሩንም ሰምቻለሁ። የፊላዴልፊያ ደጋፊ ከሆናችሁ የፋክስ ማሽኑን ደብቁት።

ሲልቨርዶም_90ዎቹ፦

ሚሺጋን ገባሁ፣ ዩቲዩብ ከገባህ አይቀር በሥርዓት እየው። ጥቅምት 12 ቀን 1997፣ ታምፓ ላይ። በዚያ ሲዝን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ላይ 33 እና 20 ያርድ ብቻ ነበር የሮጠው፣ አረጀ ተብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ 14 ጨዋታ በተከታታይ እያንዳንዱን ከ100 በላይ ሮጠ! የታምፓው ላይ 215፤ አንዱ ሩጫ 80 ያርድ፣ አንዱ 82። ታምፓ ደግሞ ያኔ ቀላል ዲፌንስ አልነበረም። ከዚያ የዚያኑ ዓመት ታንክስጊቪንግ ከቺካጎ ጋር እይ፣ 167 ያርድና ሦስት ተችዳውን፣ 55 ለ 20። በመጀመሪያ እየተመራን ነበር እኮ።

አንድ ምክር ግን። የተቆራረጡትን ምርጥ ምርጦቹን ብቻ አትይ። ሙሉ ጨዋታ ፈልግ። ሁለት ያርድ፣ ዜሮ፣ አራት ያርድ ወደ ኋላ፣ አንድ ያርድ፣ እንደገና ወደ ኋላ። አሰልጣኞች በዚህ ይበሳጩ ነበር፣ ለምን ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ ገብቶ ሦስቷን አያመጣም ይሉ ነበር። እኛም ሶፋው ላይ ሆነን እንሳደብ ነበር። ከዚያ አንዷ ታመልጣለች። ያን አምልጦ የሚሄደውን ሰው ለማየት የቀሩትን አሥራ አምስቱን መታገስ ነበረብህ፤ 80ዋን ብቻ ያየ ሰው ባሪን አላየም።

ዳላስ_ልጅ፦

ጋሼ፣ ኤሚት ቀጥ ብሎ ገብቶ ሦስቷን ያመጣ ነበር። ለዚህ ነው ሦስት የሻምፒዮንነት ቀለበት ያለው።

ሲልቨርዶም_90ዎቹ፦

ልጄ፣ የኤሚትን አፌንሲቭ ላይን አንድ ሲዝን ብቻ አበድረኝና ከዚያ እናወራለን።